የባየች ገለባ በማርስ ጽሑፍ ውስጥ

በፎገራ ሜዳ የምትኖረው የቁሐር ሚካኤሏ ባየች ጥር በመጣ ቁጥር የማትዘለው ሥራ አላት። ክረምቱን ውሃ ተኝቶበት የከረመው ጥቁሩ ዋልካ አፈር ሲደርቅ ክንድ የሚውጥ ንቃቃት ያወጣል። በከብቶቹ መሄጃ ላይ ያለውን እየዞረች ገለባም ሆነ የተፈለፈለ በቆሎ ቆረቆንዳ ያገኘችውን ትጠቀጥቅበታለች። አንዲት ጊደሯ እግሯን ሰብራ ከታረደች ወዲህ ልማዷ ነው።

ጎረቤቷ አዛናው ያሾፍባታል። "ሰው ከብት ይቀልባል፣ ባየች መሬት ትቀልባለች።"

"ያንተ በሬ እስኪገባበት ሳቅ" ትለዋለች፣ ቀና ሳትል።

አምና ከባሕር ዳር የመጣችው አይናለም ግን ንቃቃቱን ስትለካ ከረመች። የዶክትሬት ተማሪ ናት። ማርስ ላይ፣ ድሮ ሐይቅ ነበረበት በሚባል ጭቃ ላይ የሚታየውን ንቃቃት ከፎገራው ጋር ታስተያያለች።

"እዚያም ከብት አለ?" ብላ ጠየቀቻት ባየች።

"የለም፣ እትዬ።"

"እንግዲያው ቢሰነጠቅም ግድ የለም።"

ዘንድሮ የካቲት ላይ አይናለም ፊቷ ጠቁሮ መጣች። ጽሑፏን የመጽሔቱ ገምጋሚዎች መልሰውባታል። ንቃቃቱ በየዓመቱ እዚያው ቦታ ይከፈታል ብላ ጽፋ ኖሮ፣ "የአንድ በጋ ልኬት ይዘሽ ይህን በምን አወቅሽ?" ብለዋታል። ማስረጃ ለማቅረብ የሰጧት አንድ ወር ነው። ጽሑፉ ካልታተመ ደግሞ መመረቅ የለም።

"እዚያው እንደሚከፈት ማን ያጣዋል?" አለች ባየች።

"እርስዎ አያጡትም። ገምጋሚዎቹ ግን ቃልዎን ብቻ አይቀበሉም።"

ባየች ዶማዋን አነሳች። "እኔ በየዓመቱ እዚያው አይደል የምጠቀጥቀው? የጠቀጠቅሁት የት ይሄዳል? ነይ፣ እንየው።"

ባየች ከላይ አልነካችውም፤ ከጎን ጉድጓድ ቆፍራ ንቃቃቱን እንደ ግድግዳ ገልጣ አሳየቻት። ከላይ የዘንድሮው የሩዝ ገለባ ገና ቢጫ ነው፤ ከሥሩ የአምናውና የካቻምናው ጠቁሯል። አንድ ስንዝር ዝቅ ሲል ቆረቆንዳ መጣ፤ ጎርፍ ሩዙን የወሰደበት፣ በቆሎ ገዝተው የከረሙበት ዓመት ነው። ከዚያ በታች የጌሾ እንጨት ወጣ። ባየች ሳቀች።

"ይህ የሰብለወንጌል የሰርግ ጠላ ነው። ልጄን የዳርሁ ሰሞን የጣልሁት።"

"ሰርጉ መቼ ነበር?"

"አራት ዓመቱ። ፎቶው ከነቀኑ ግድግዳዬ ላይ አለ።"

"በየዓመቱ እዚያው ባይከፈት ኖሮ ይህ ሁሉ በተራ ባልተደራረበ" ብላ አይናለም መለካት ጀመረች። ሌሎች አራት ንቃቃቶችም ተገለጡ፤ በሦስቱ ውስጥ ያው ገለባ፣ ያው ቆረቆንዳ፣ ያው ጌሾ በተራው ተገኘ። አንዱ ባዶ ነበር፤ ባየች ያን እንደዘለለችው አልካደችም፤ አይናለምም እንዳለ ጻፈችው። ወሩ ሳይሞላ መልሱ ከሰርጉ ፎቶ ጋር ተላከ።

ግንቦት ላይ አይናለም ወረታ ገበያ፣ ባየች ሽንኩርት የምትሸጥበት ድረስ የጽሑፏን ወረቀት ይዛ መጣች። መጽሔቱ ተቀብሏታል፤ የመመረቂያዋም ቀን ተቆርጧል። ባየች አገላብጣ አየችው።

"ሙሽሮቹ የት አሉ?"

"ቀኑ ያለበትን ጥግ ብቻ ነው የወሰድሁት፣ እትዬ።"

"ልጄን ቆርጠሽ ጣልሻት? እሷ እንዳትሰማ።"

አይናለም እየሳቀች የመጨረሻውን ገጽ ገልጣ፣ ከምስጋናው ሥር አንድ መስመር ላይ ጣቷን አሳረፈች። ፊደሉ የፈረንጅ ነው፤ ባየች አታነበውም፤ ቢሆንም በጣቷ ከዳር እስከ ዳር ተከተለችው።

"ሽንኩርቱ ስንት ነው?" አለች አንዲት ገዢ።

"ቆይኝማ፣ ስሜን እያየሁ ነው" አለቻት።