የእማ ያልጋ ሬዲዮ

ባለፈው ቅዳሜ ደባርቅ ገበያ አንድ ሰው አሮጌ ሬዲዮ ጆሮው ላይ ለጥፎ ሲያገላብጥ አየሁት። ሻጩ «ስማው እንጂ፣ ደወል ነው!» ይለዋል። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው እማ ያልጋ ትዝ አሉኝና ሳቄ ጠፋ።

እማ ያልጋ ከዳባት ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን ሸክላ የሚሠሩ ቤተ እስራኤል ጎረቤታችን ነበሩ። አንድ ልጃቸው ትርንጎ ከባሏ ጋር ወደ እስራኤል ሄዳለች፤ እሳቸው ተራቸውን ይጠብቃሉ። አንድ ክረምት ከጎንደር የመጣ ዘመድ መልእክት አደረሰ፦ ጳጉሜ በገባ ዕለት ምሽት፣ ከዚያ አገር በአማርኛ በሚተላለፍ ሬዲዮ ትርንጎ ለእናቷ ሰላምታ ታሰማለች።

«አንተ ፊደል ቆጥረሃል፤ ደህና ሬዲዮ ግዛልኝ» አሉኝ። ፊደል መቁጠር ሬዲዮ እንደማያስመርጥ እንዴት ልንገራቸው?

ዳባት ገበያ አንድ ጡረተኛ ወታደር የራሱን ሬዲዮ ይሸጥ ነበር። ሲከፍተው ዜናው ጥርት ብሎ ወጣ፤ ገዛሁት። እማ ያልጋ ቤት ሳደርሰው ትንፍሽ አላለም። ባትሪ ድንጋዮቹን ፀሐይ ላይ አሰጣሁ፣ የዛገውን በቢላ ፋቅሁ፣ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው በመዳፌም መታሁት። እማ ያልጋ የሽምብራ ቆሎ ይዘው አጠገቤ ተቀምጠው፣ «ተናገረ?» ይላሉ።

«ገና ነው።»

በማግስቱ በጭቃው መንገድ በጭነት መኪና ደባርቅ ወሰድሁት። ጠጋኙ ከፍቶ ሲያየው የአንቴናው ሽቦ ከሥሩ ተበጥሷል። በየደልኝና፣ «አጭር ሞገዱ ግን ደክሟል» አለ፤ «እንግዲህ ለምኑት።»

ቀኑ ደረሰ። ዝናቡ ከሰሜን ተራሮች ወርዶ መንደሩን ሸፍኖታል። ድምፁ ይመጣል፣ ይርቃል። ባጋጣሚ ሽቦውን በእጄ ስይዘው ጠራ፤ ስለቀው ጠፋ። ስለዚህ ግማሽ ጎኔ ደጅ፣ ግማሹ ቤት ሆኖ፣ ሽቦውን ይዤ እየበሰበስሁ ቆምሁ። የሌሎች ሰዎች ሰላምታ አለፈ፣ አለፈ።

«እማዬ፣ እኔ ትርንጎ ነኝ።»

እማ ያልጋ በሁለት እጃቸው አፋቸውን ያዙ።

«ደህና ነኝ። ወንድ ልጅ ተገላገልሁ፤ ስሙንም...»

ሰማዩ በረቀ። ሬዲዮው ተንጫጫ፤ ሽቦውን አጥብቄ ያዝሁ፣ ከፍ አደረግሁ፣ ዝቅ አደረግሁ። ድምፁ ሲመለስ ሌላ ሰው ለወንድሙ ሰላምታ ያቀርባል።

«ማን አለችው?» አሉኝ።

«አልሰማሁም፣ እማ ያልጋ።»

ሬዲዮውን አዩት፤ እኔን አዩኝ። «ድገሚው በላት» አሉ።

ሬዲዮ ይናገራል እንጂ አይሰማም ማለት ከበደኝ። ሽቦውን እንደገና ከፍ አደረግሁት። እሳቸውም ገባቸው መሰለኝ፣ ነጠላቸውን አውልቀው ራሴን ያደርቁልኝ ጀመር። «ወንድ ነው ብላለች፤ እሱን ሰምተናል» አሉ፤ እኔን ማጽናናታቸው ነበር።

በኋላ ተራቸው ደርሶ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ወሬያቸውን አልሰማሁም።

ያ ሕፃን ዛሬ ሙሉ ሰው ነው። ከእስራኤል የአባቶቻቸውን መንደር ሊያዩ የሚመጡ ጎልማሶች ዳባት ላይ ሲያጋጥሙኝ ስማቸውን እጠይቃለሁ። ይነግሩኛል፤ «የተባረከ ስም ነው» እላለሁ። ቀጥሎ የእናታቸውን ስም መጠየቅ ነበረብኝ፤ «ትርንጎ» ቢሉኝ ስለ እማ ያልጋ መጠየቄ አይቀርምና፣ እሱን ግን እስካሁን አልደፈርሁም።