የዋቅጅራ ሞተር ለምን ረከሰ?

ዋቅጅራ ያልገባው ነገር ካለ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነበር። ወሰን ሰፈር የተከራየው ቤት ጣሪያ ለምን በአንድ ጎኑ ብቻ እንደሚያፈስ ለማወቅ ክረምቱን ሙሉ መሰላል ላይ ከርሟል። እንዲህ ያለ ሰው ርካሽ ሞተር ሳይክል አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም።

ሞተሩ የባለ ጋራዡ የሙክታር ነበር። ቀለሙ ተልጧል፣ መቀመጫው በጆንያ ተሰፍቷል። ዋጋው ግን ከደህና ብስክሌት አይበልጥም።

«ለምን ረከሰ?» አለ ዋቅጅራ፣ ጎንበስ ብሎ ጎማውን እየነካካ።

«ወንድሜ፣ ልትገዛ ነው ልትመረምር?»

«መርምሬ ልገዛ ነዋ!»

«ገዝተህ መርምር። ያኔ ጊዜ ይኖርሃል» አለ ሙክታር እየሳቀ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ዋቅጅራ ግን እየጠረጠረ ገዛ። ቢቸግረው ነው። ደርግ ጸሎት ቤታቸውን ካሸገ ወዲህ እሱና መሰሎቹ ጴንጤዎች በየሰው ቤት ተደብቀው ነበር የሚያመልኩት። የእሱ ጉባኤ ሐሙስ ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ካራ፣ እትዬ ታደለች ቤት ይሰበሰባል። መዝሙር የሚያስጀምረው ዋቅጅራ ነው። ነገር ግን ከሚሠራበት መጋዘን ወጥቶ፣ አውቶቡስ ተሰልፎ ካራ ሲደርስ መዝሙሩ አልቆ ይጠብቀዋል። ሳይዘምር የዋለበት ሐሙስ ደግሞ ጨው እንደሌለው ወጥ ነው፤ አይዋጥለትም።

የሞተሩ ጉድ የተገለጠው ገና ከጋራዡ በር ሳይርቅ ነው። ድምፅ የሚያፍነው ማርሚታ ውስጡ በዝገት አልቋል፤ ሞተሩ ሲነሳ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ አብሮ ይነሳል። የሚለወጥ ማርሚታ በከተማው ጠፋ። ከዚያም በላይ፣ አንዴ ከጠፋ ቁልቁል ካልተገፋ አይነሳም። ሌላ ሰው ቢሆን ሙክታርን አንቆ ይይዘው ነበር። ዋቅጅራ ግን «አሃ፣ ለዚህ ነው የረከሰው!» ብሎ ደስ አለው። ምስኪን፣ ዋጋውን ከፍሎ የጨረሰ መስሎታል።

እትዬ ታደለች ቤት የሚገባው አንድ አንድ እየተባለ ነው። ደጅ ላይ የጫማ ክምር እንዳይታይ ሁሉም ጫማውን ይዞ ገብቶ አልጋ ሥር ይሸጉጣል። የሚዘመረውም በሹክሹክታ ነው። ዋቅጅራም ሞተሩን ራቅ ካለ ባሕር ዛፍ ሥር ያቆምና ጫማውን በብብቱ ይዞ ይገባል። እስቲ አሁን ይህ ምን ይባላል? ከመጋዘኑ እስከ ካራ አገር ምድሩን እያናወጠ የመጣ ሰው ጫማውን ይደብቃል!

የፈሩት ይደርሳል፤ አንድ ሐሙስ ከበበ የሚባል የሰፈሩ አብዮት ጥበቃ መንገድ ላይ አስቆመው። ከበበ ጠመንጃ ይያዝ እንጂ ክፉ ሰው አልነበረም። ችግሩ እሱም የዋቅጅራ ብጤ መሆኑ ነው፤ ያልገባው ነገር አያስተኛውም።

«ሐሙስ ሐሙስ ሞተርህ ካራ ሲደርስ ዝም ይላል። ማን ቤት ነው?»

የእትዬ ታደለች ስም ከዋቅጅራ አፍ ከወጣ ሁሉም እስር ቤት ናቸው። «ዛሬስ ወደ ጋራው ነው የምወጣው፣ ጓድ ከበበ» አለ። ውሸት እንዳይሆንበትም እውነት አደረገው፤ ከካራ በላይ ያለውን የእንጦጦን ዳገት እያጓራ ወጣው።

ቅዳሜ በእግሩ ሄዶ ሞተሩን ሊሸጠው እንደሆነ ለእትዬ ታደለች ነገራቸው።

«እንዳትሸጠው!» አሉት እጁን ይዘው። «አብዮት ጥበቃዎቹ ያንተን ጩኸት ተከትለው ጋራ ሲወጡ በመስኮት አየን። እኛም በጩኸቱ ተከልለን አፋችንን ሞልተን ዘመርን፣ ልጄ። ስንት ጊዜያችን! ሞተርህ ዝም ሲል እኛም ዝም አልን።»

«እኔስ፣ እትዬ? እኔ መቼ ልዘምር?»



ከዚያ ወዲያ ዋቅጅራ ሐሙስ ሐሙስ ጋራው ላይ ሞተሩን እያስጮኸ ማምሸት ያዘ። በኩፖን የሚያገኛት ቤንዚን እዚያው ታልቃለች። ጠባቂዎቹ፣ ሰው በዚህ የቤንዚን ችግር ለምን ጫካ ውስጥ ሞተር እንደሚያስጮኽ ለማወቅ ይመጣሉ፤ አይተው፣ ራሳቸውን ነቅንቀው ይመለሳሉ። እታች ካራ፣ በእሱ ቦታ መዝሙር የምታስጀምረው ጥሩብርሃን የምትባል ወጣት ናት፤ አዲስ መዝሙር አውጥታለች አሉ። እትዬ ታደለች ግጥሙን ነገሩት፤ ዜማ ግን ከቶ አይሆንላቸውም፤ እንዴት ብለው ይንገሩት? ዋቅጅራ ያን ዜማ ለመስማት ጓጉቶ እህል አልበላ አለው።

አንድ ሐሙስ ከበበ ዳገቱን ወጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ።

«አጥፋው እንጂ፣ እንጫወት!» ብሎ ጆሮው ላይ ጮኸ።

ዋቅጅራ ወደ ታች አየ። የእትዬ ታደለች ቆርቆሮ ጣሪያ በዛፎቹ መሐል ይታያል። ቢያጠፋው፣ እነጥሩብርሃን ነቅተው ዝም እስኪሉ፣ ለአንድ አፍታ ዜማው ሽቅብ ይደርሰው ነበር። ለከበበም ይደርሰዋል። እጁ ቁልፉን ነካ።

«ከጠፋ አይነሳም፣ ጓድ ከበበ!» አለና እጀታውን ጠምዝዞ ቤንዚን ጨመረለት። ሞተሩ ጋራውን አናወጠው። ዋቅጅራም የጥሩብርሃንን ግጥም፣ ዜማውን በግምት እየሞከረ፣ ለራሱ እንኳ በማይሰማ ድምፅ ይዘምር ጀመር።