የኮራሎቹ መርዶ

ከባሕር ይህን ያህል ርቆ ባሕር መሥራት የጤና አይደለም። እኔ ግን እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ባለ የእንስሳት ማሳያ ውስጥ ለዓመታት የምሠራው እሱኑ ነው። ከቧንቧ የመጣውን ውኃ እናጣራለን፣ ጨው ከከረጢት እንገለብጥበታለን፣ በትልልቅ በርሜል እስኪሟሟ እናማስለዋለን፤ ከዚያ ኮራሎቹ ወዳሉባቸው ገንዳዎች እንለቀዋለን። ጎብኚ የሚያየው ከፊት ያለውን መስታወትና ዓሣውን ነው። እኛ ከኋላ ባለው መስኮት የለሽ አዳራሽ፣ የሞተሩ ጩኸት ጆሯችንን እየበላው፣ ኮራሉ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ነገር በጥርስ ብሩሽ ስንፍቅ እንውላለን።

ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። ፍሎሪዳ ባሕር ውስጥ በሽታ ሲገባባቸው ጤነኞቹ ተለቅመው እንደኛ ላሉ ቦታዎች ተከፋፈሉ፤ እንድናረባቸውና ባሕሩ ሲሻለው እንድንመልሳቸው። ይህን ለሐበሻ ማስረዳት ግን አበሳ ነው። ቸርች ውስጥ ሥራዬን ተጠይቄ "ኮራል ክፍል ነኝ" ብል፣ "ቆራሌው! አሮጌ ጫማና ጣሳ አለን፣ ነይ ውሰጂ" ብለው ሳቁብኝ። ከዚያ ወዲህ ስሜ ቆራሌዋ ሆነ። ሲጸልዩልኝ እንኳ ጌታ የተሻለ ሥራ እንዲሰጠኝ ነው የሚለምኑልኝ። አሜን እላለሁ፤ ዋይትሆል ሰፈር ያለው አፓርታማዬ ስገባ ግን ብቻዬን እበግናለሁ።

ሥራውን ያስገኙልኝ እዚያው የሚሠሩ፣ ጋሼ የምላቸው አንድ የአገሬ ሰው ናቸው። የማቀዝቀዣውና የሞተሩ ባለሙያ ነበሩ። በስደት መጥተው፣ ልጆች አሳድገው፣ ሉዊስ ሴንተር የሚባል ሰፈር ቤት የገዙ፣ ጾም የማይሽሩ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ኮራሎቹ ዘንድ ሲደርሱ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። "ልጆቹ" ነው የሚሏቸው። የውኃው ሙቀት ትንሽ ከፍ ካለ፣ የዕረፍት ቀኔም ቢሆን፣ ስልኬ ይጮኻል። ሁለታችንንም የሚያስቀን አንድ ነገር ነበር፤ እሳቸውም እኔም ባሕር አይተን አናውቅም። እሳቸው በሱዳን በኩል በመኪና ወጡ፤ እኔ ውቅያኖሱን ያለፍኩት አውሮፕላን ውስጥ ተኝቼ ነው። ኃላፊያችን ይህን ስትሰማ ማመን አቃታት። እሷ ዕድሜዋን ሁሉ ለባሕር የሰጠች አሜሪካዊት ናት፤ ትዳሯንም ሥራው እንደበላባት እየሳቀች ትናገራለች።

ከጥፍር የማይበልጥ ቁራጭ ሳሉ በሙጫ ድንጋይ ላይ ለጥፈን ያሳደግናቸው ኮራሎች፣ መዳፍ ሲያክሉ፣ ወደ ባሕሩ እንዲመለሱ ተወሰነ። ጋሼ የጡረታ ጊዜያቸው አልፎ ነበር፤ እነሱን ሳልሸኝ አልወጣም ብለው ነው የቆዩት። በዕለቱ እያንዳንዱን ውኃ በሞላ ከረጢት አድርገን ሳጥን ውስጥ ደረደርን። ጋሼ ሳጥኖቹ ላይ አማተቡ፣ ኃላፊያችን አለቀሰች፣ ኬክ ተቆረሰ፤ ጾም ስለነበር ጋሼ አልቀመሱትም። በዚያው ሳምንት ጡረታ ወጡ። እኔ እየዘመርኩ ነው ወደ ቤቴ የነዳሁት። አንድ ጊዜ እንኳ የደከምኩበት ነገር ቤቱ ሲገባ አየሁ ብዬ ነበር።

ሙቀቱ ሲመጣ የፍሎሪዳ ባሕር እንደ ገላ መታጠቢያ ውኃ ሞቀ። ኮራል ሲሞቀው ቀለሙን ተፍቶ ይነጣል፤ ነጥቶ ከቆየ ይሞታል። ኃላፊያችን ከዚያ የሚላኩላትን ፎቶዎች በስልኳ ታሳየኝ ነበር። መጀመሪያ የኛዎቹ ደበዘዙ፣ ቀጥሎ እንደ አጥንት ነጡ፣ በመጨረሻ ቡናማ ዝቃጭ ለብሰው አየኋቸው። አንድም አልተረፈም። እኛ እኮ ገንዳው ትንሽ ሞቀ ብለን ከቤታችን እየተጠራን የምንሯሯጥላቸው ነበሩ። ያን ዕለት እኔ ጨው መገልበጤን ቀጠልኩ። ቸርች ውስጥ ከሳቁብኝ ሁሉ ይበልጥ ያን ቀን ራሴ በራሴ ሳቅሁ። ሥራችን ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ነበር የከረመው። ያ ተስፋ መቁረጥ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ኃላፊያችን በሥራው ላይ ለነበሩት ሁሉ ኢሜይል ልትልክ ስትነሳ፣ ለጋሼ እንዳትልኪ አልኳት። ጋሼ በዚያው ሰሞን ልባቸውን ኦፕራሲዮን ተደርገው ተኝተው ነበር። ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም። ሲነገርም በኢሜይል አይሆንም፤ በማለዳ፣ ሰብሰብ ተብሎ፣ ቤቱ ድረስ ተሄዶ ነው። ይህን ሳስረዳት የጋሼን አድራሻ ከዝርዝሩ አጠፋችው። መዋሸቱ እንግዲህ የኔ ፋንታ ሆነ። ጋሼ አልጋ ላይ ሆነው እየደወሉ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው፣ ከፍሎሪዳ ኮል አድርገው ምን አሉ ይሉኛል። ደህና ናቸው እላለሁ። እያደር ውሸቱ አፌን ለመደና "እያደጉ ነው" ማለትም ጀመርኩ።

አንድ ቀን ሲደውሉ ድምፃቸው ፈክቶ ነበር። ሐኪሙ መንገድ ፈቅዶላቸዋል። ከባለቤታቸው ጋር ፍሎሪዳ ሄደው ባሕሩን ሊያዩ፣ ከተቻለም በጀልባ ልጆቹ ያሉበት ድረስ ሊደርሱ ነው። ቲኬት ሊቆርጡ ስለነበር ከዚህ በላይ መደበቅ አልተቻለም።

ቅዳሜ ማለዳ ከኃላፊያችን ጋር ሄድን። ምን እንደሚለበስ ጠይቃኝ ጥቁር ለብሳለች፤ እኔ ነጠላ ጣል አድርጌያለሁ። ልማዱን ጠብቄ ነገሩን ያሳመርኩት መስሎኝ ነበር። ሞኝነቴ የገባኝ ጋሼ በሩን ሲከፍቱ ነው። ገና ሳይነጋ ጥቁር የለበሰች ሴትና ነጠላ ያደረገች ሐበሻ አንገታቸውን ደፍተው በራቸው ላይ ቆመዋል። አገር ቤት የሚታመም አንድ ወንድም አላቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ፤ የበሩን መቃን ያዙ።

"ወንድሜ ነው?" አሉኝ።

"አይደለም ጋሼ፣ ወንድምዎ ደህና ነው። ኮራሎቹ ናቸው። ሁሉም አለቁ።"

ዓይናቸውን ጨፍነው በረጅሙ ተነፈሱ። "ተመስገን" አሉና አማተቡ። ደግመውም ተመስገን አሉ።

ኃላፊያችን ምን እንዳሉ ጠየቀችኝ። ውሸት ሰልችቶኝ ስለነበር እንዳለ ነገርኳት። ቦርሳዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። በጋሼ አልፈረድኩም፣ ወንድም ከኮራል ይበልጣል። ቃሉ ግን ቆረጠኝ። ለነዚያ ፍጥረቶች ከጋሼ አብልጦ የሚያዝን ሰው አላውቅም፤ እሳቸውም ተመስገን ካሉ ማን ያለቅስላቸዋል አልኩ በልቤ።

ሳሎን አስገብተው አስቀመጡን። ጥቂት ቆይቶ ነገሩ ሲደርሳቸው አንድ በአንድ ይጠይቁኝ ጀመር። ጠርዟ የተሸረፈችውም? እሷም አልኩ። መቼ እንደሆነ ነገርኳቸው። በስልክ እያደጉ ነው ስላቸው የከረምኩትን እያሰቡ እንደሆነ ከፊታቸው አየሁ፤ አልወቀሱኝም። ገንዳ ውስጥ ስለቀሩትም ጠየቁ። አሉ፣ እየበዙም ነው አልኳቸው። ባሕሩስ በረደ ወይ ሲሉኝ፣ ለጊዜው በርዷል፣ የሚመጣው ሙቀት ግን ይብሳል እያሉ ነው አልኩ።

ቆይተው የሶፋውን ክንድ ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሱና ኃላፊያችን ፊት ቆሙ። መርዶ ይዘን የመጣነው እኛ ነበርን፤ ሐዘንተኛዋ ማን እንደሆነች ግን እሳቸው ከኔ ቀድመው አወቁ። እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ" አሏት፣ በአማርኛ።

ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሰው ለሞተበት የሚባል ነው፣ እግዚአብሔር ብርታት ይስጥሽ ማለት ነው አልኳት።

እጇን ከእጃቸው ሳታወጣ ወደኔ ዞረች።

"ብርታቱን ምን ላድርገው?" አለች በእንግሊዝኛ። "ምን እንድሠራበት?"

ጋሼ እንግሊዝኛው ገብቷቸዋል። ወደኔ አዩ፣ እኔም ወደ እሳቸው አየሁ። ከዚያ እጇን ሳይለቁ አጠገቧ ተቀመጡ።