የግራው ዓምድ

መጀመሪያ ከዓይኔ የጠፉት ሐጃ ሰዕዲያ ናቸው። ቡሪ በሚባለው የካርቱም ሰፈር ካለው ቤቴ ስወጣ በስተግራ፣ ከደጃቸው ጥላ ሥር የገመድ አልጋቸውን ዘርግተው የሚውሉ ጎረቤቴ ናቸው። ለዘጠኝ ዓመት ጠዋት ጠዋት ሰላም ስንባባል ኖረናል። ካርቱም ውስጥ ሰላምታ በአንድ ቃል አያልቅም፤ ጤናው፣ ቤቱ፣ ልጁ፣ እንቅልፉ ሁሉ ይጠየቃል። አንድ ቀን ልትጠይቀኝ የመጣችውን ታላቅ እህቴን አልማዝን አስቁመው፣ "ዶክቶራን ምን አስቀየምኳት? ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰላም ስላት ዝም ብላኝ ታልፋለች" አሏት። አልማዝ ገብታ ጮኸችብኝ። "ተምረሽ ተምረሽ ሰላምታ ረሳሽ?"

"እዚያ ማንም ተቀምጦ አላየሁም" አልኳት። ከልቤ ነበር።

እዚህ ላይ ሙያዬን ልናገርና ልፈር። የአንጎል ተመራማሪ ነኝ። እንጀራዬ ዓይን የላከውን አንጎል ምን እንደሚያደርገው በኤምአርአይ ማጥናት ነው። የእይታው ግማሽ የጠፋበት ሰው ጨለማ እንደማያይ፣ አንጎል ባዶውን ቦታ በዙሪያው ባለው ነገር ሞልቶ "ምንም አልጎደለም" እንደሚለው ስንት ጊዜ አስተምሬአለሁ። ፈተና ላይ አውጥቼው የሳተውን ተማሪ ጥዬበታለሁ። የራሴ አንጎል ሐጃ ሰዕዲያን አንስቶ በቦታቸው ግድግዳ ሲለጥፍልኝ ግን "ሰው የለም" ብዬ ተከራከርኩ። መነጽሬን ሁለት ጊዜ ቀየርኩ። መነጽር ሠሪውን ተቆጣሁ፣ አቧራውን ረገምኩ፣ በግራ በኩል ድንገት ብቅ ለሚሉት የራክሻ፣ ማለትም የባጃጅ፣ ነጂዎችም የሚገባቸውን ስድብ አልነፈግኋቸውም።

ይህ የሆነው ጦርነቱ ካርቱምን ሳይበትናት በፊት ነው። ለምርምር የምንጠቀምበት ኤምአርአይ የሆስፒታል ነበር፤ ዓርብ ተመላላሽ ታካሚ ስለማይመጣ ዓርብ ጠዋት ለእኛ ይለቀቃል። እኔ ደግሞ አንድ ልማድ አለኝ። ሌላ ሰው ከማስተኛቴ በፊት ሙከራውን በራሴ እሞክራለሁ። ማሽኑ ውስጥ እተኛለሁ፣ ነጭና ጥቁር የዳማ ገበታ የመሰለ ሥዕል ከፊቴ ብልጭ ድርግም ይላል፣ የማየት ሥራ የሚሠራው የአንጎሌ የኋላ ክፍል ኮምፒዩተሩ ላይ በቀይ ይበራል። በከተማው ውስጥ የእኔን ያህል ጭንቅላቱን የተነሣ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ከዕለታት አንድ ዓርብ፣ ሐጃ ሰዕዲያ ከዓይኔ ከመጥፋታቸው ወራት ቀደም ብሎ፣ በቀኝ በኩል ያለው ቀይ ደበዘዘ። በግራ የሚታየውን የሚቀበለው ይኸው የቀኙ ክፍል ነው። እኔ ግን ኮይሉ፣ ማለትም ራስ ላይ የሚደፋው ምልክት ተቀባይ፣ ተበላሸ አልኩ። መብራት በመጣ በሄደ ቁጥር ጀኔሬተር በሚነሣበት ከተማ ማሽን ተበላሸ ማለት ምኑ ይገርማል? ደፍተሩን ሳብኩ። የማሽኑ ደፍተር በዐረብኛ ነውና ከቀኝ ይጀምራል፤ በቀኙ ዓምድ ብልሽቱ ይጻፋል፣ በግራው ዓምድ ባለሙያው የሠራውን ይሞላል። "የኮይሉ የኋላ ክፍል ምልክት አይቀበልም፣ ይጠገን" ብዬ ጽፌ ከድኜው ሄድኩ። በሳምንቱም ጻፍኩ። ለአሥራ አራት ወር ጻፍኩ።

የማሽኑ ባለሙያ ዑስማን የኦምዱርማን ሰው ነው፤ ቀስ ብሎ ይናገራል፣ ይህም ያናድደኝ ነበር። "ያ ዶክቶራ፣ በጠርሙሱ አይቼዋለሁ። ወላሂ ማሽኑ ደህና ነው" ይላል። ጠርሙሱ ማሽን የሚፈተሽበት፣ ፈሳሽ የተሞላ የፕላስቲክ ዕቃ ነው። "ጉድለቱ የሚመጣው አንቺ ስትገቢ ብቻ ነው። ሥዕሉን ለሐኪም ላሳየው?"

"ሐኪም ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ኮይል የሚጠግነው?" አልኩት። ይህን ሳስታውስ ዛሬም ፊቴ ይግላል።

"ሥዕሉን ራስሽ አታይም ነበር ወይ?" ትሉኝ ይሆናል። ይህ እንግዲህ የእኛ የተመራማሪዎች ስህተት ነው። ጥሬውን ሥዕል አናይም። መጀመሪያ አንድ ፕሮግራም የራስ ቅሉንና ሽፋኑን ከአንጎሉ ላይ እንደ ድንች ይልጥልናል፤ እኛ የምንመራመረው በተላጠው ነው። የእኔ ዕጢ የበቀለው ከሽፋኑ ላይ ነበር። ፕሮግራሙ ዕጢውን በየሳምንቱ ከልጣጩ ጋር ይጥለው ነበር። ፕሮግራሙን የመረጥኩትም እኔ፣ ያስተካከልኩትም እኔ።

የመጨረሻው ዓርብ መጣ። ማሽኑ ውስጥ ተኝቻለሁ። ዳማው ብልጭ ማለት ጀመረ። በግራ በኩል ብቻ። ቀለም አለው። የእኛ ዳማ ቀለም የለውም። ተናደድኩ። በመነጋገሪያው ጮኽኩ።

"ዑስማን! ሥዕሉን ማን ነካብኝ? አጥፋው!"

"ያ ዶክቶራ" አለኝ። "ገና አላበራሁትም።"

ዓይኔን ጨፈንኩ። ብልጭታው አልጠፋም። ግራ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ላስቆመው ሞከርኩ። አልቆም አለኝ። ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው የለም።

ስነቃ አልጋ ላይ ነበርኩ። ምላሴን ነክሼዋለሁ። ዑስማን ባዶ እግሩን አጠገቤ ቆሟል፤ ለጁምዓ ሶላት ታጥቦ ሲጠብቅ ነበር የሮጠው። በዚያች ሰዓት "ይፈቀድልኛል?" ብሎ ጠየቀኝ። ራሴን በእሺታ ነቀነቅኩ። ያልተላጠውን ሥዕል ተረኛዋ የራዲዮሎጂ ሐኪም ዘንድ ወሰደው። ሐኪሟ አየችውና፣ "ይህቺ ሴት እስከ ዛሬ የት ነበረች?" አለች።

"እዚሁ" አላት ዑስማን። "በየሳምንቱ።"

የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ በከተማው ዳርቻ፣ ወደ ሶባ በኩል ነበር የሚሠራው። ከሚኒባስ ጋር እንዳልጋጭ አልማዝ ክንዴን ይዛ ወሰደችኝ። "ዕጢው ሜኒንጂዮማ ይባላል" አለኝ ሐኪሙ። "ክፉው ዓይነት አይደለም። ግን የማየት ክፍሉን ተጭኖታል። አወጣዋለሁ፣ ኢንሻላህ። የጠፋው ይመለሳል ብዬ ግን ቃል አልገባልሽም፤ የቀረውም ሊነካ ይችላል።"

"ማንበብስ?"

"እሱን ስትነቂ ነው የምናውቀው።"

ፈራሁ። ሞትን እንኳ ያን ያህል አላሰብኩትም። ዓይኔን ለማንበቢያ ካጣሁት ሥራዬም እኔም ምን እንደምንሆን አላውቅም ነበር። አልማዝ ከሐጅ ዩሱፍ ሰፈር፣ ልብስ ከምትሸጥበት ገበያ፣ ጸበል በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛ መጣች። ሌላ ጠርሙስ አልኩ በሆዴ። "ያላ ጠጪ" አለችኝ፤ "መድኃኒትሽንም ዋጪ። ሁለቱም የእግዜር ነው። ካላስ፣ አትከራከሪ።" ጠጣሁ። በመጀመሪያው ጠርሙስ ተከራክሬ ምን እንዳተረፍኩ አይቻለሁ።

ቀዶ ሕክምናው ስድስት ሰዓት ፈጀ። በማግስቱ ሐኪሙ ጣቶቹን ከፊቴ አወጣ።

"ስንት ነው?"

"ሁለት።"

"አሁንስ?" ወደ ግራዬ ወሰዳቸው።

"ምንም።"

"አሁንስ?"

"ምንም አይታየኝም አልኩህ እኮ!"

ወደ ነርሷ ዞረና "ንግግሯ አልተነካም ብለሽ ጻፊ" አላት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ረጅምና አሰልቺ ነበሩ። ለአንጎሌ እብጠት የተሰጠኝ ዴክሳሜታዞን ሌሊት እንቅልፍ እየነሣኝ ቀን እንደ ጅብ ሲያስበላኝ፣ ለሚጥለው በሽታ የታዘዘልኝ ሌቬቲራሴታም ደግሞ በባሕርዬ ቁጡ የሆንኩትን ሴት ይባስ አቁጥቶ ማንም የማይችለኝ አደረገኝ፤ ይህን የምጽፈው የመድኃኒቱን ቁጣ የራሳቸው ጠባይ እየመሰላቸው ለሚያለቅሱ ነው፣ ለሐኪማችሁ ንገሩት፣ ይስተካከላል። ሊጠይቀኝ የመጣ ሁሉ በማላየው በኩል ተቀምጦ ያወራኛል፤ ወንበሩን ወደ ቀኝ ውሰዱ ስል ሰው እንዳባረርኩ ተቆጠረብኝ። ዐረብኛ ሳነብ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ግራ ነውና የሚቀጥለው ቃል ገና ሳልደርስበት ይሰወርብኝ ነበር፤ በአማርኛ ግን የሚጠፋኝ የመስመሩ መጀመሪያ ብቻ ስለነበር፣ በገጹ የግራ ጠርዝ ላይ ቀይ ክር አስቀምጬ ክሩን እስካገኝ ራሴን እያዞርኩ፣ ከአባቴ የቀሩኝንና ዕድሜዬን ሙሉ ያልገለጥኳቸውን መጻሕፍት ማንበብ ጀመርኩ። ካርቱም ተወልጄ ያደግኩ የስደተኛ ልጅ ነኝ፤ አማርኛዬ እንዲህ ለመጻፍ የበቃው በዚያ ክረምት ነው። አልማዝ ጸበሉ ሠራ ትላለች።

በአራተኛው ወር ከቤቴ ስወጣ በስተግራ ሁለት አረንጓዴ ጫማዎች አየሁ። ጫማዎቹ ብቻ ናቸው። የታችኛው የግራ እይታዬ ተመልሶ ነበር፤ የላይኛው ግን አልተመለሰም፣ እስከ ዛሬም የለም። ቆምኩ። ራሴን ቀስ ብዬ ወደ ግራ አዞርኩ፤ ከጫማዎቹ በላይ ሐጃ ሰዕዲያ ነበሩ። ስለ ጤናቸው፣ ስለ ቤታቸው፣ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ እንቅልፋቸው አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው። የከረመውን ሰላምታ ሁሉ በአንድ ጠዋት ስንጨርስ ሁለታችንም አለቀስን።

በሚቀጥለው ዓርብ ለክትትል ምርመራ ወደ ማሽኑ ሄድኩ። ዑስማን ጠርሙሱን አስቀድሞ አስገባ፣ ቀጥሎ እኔን። ስወጣ ደፍተሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ገለጥኩት። የቀኙን ዓምድ አውቀዋለሁ፣ ቁጣዬ ነው። ራሴን አዞርኩና ለመጀመሪያ ጊዜ የግራውን አነበብኩ። በእያንዳንዱ ቁጣዬ አንጻር፣ በዑስማን ደቃቅ ጽሕፈት፣ "በጠርሙሱ ተፈትሿል፤ ማሽኑ ደህና ነው" ይላል። ከሦስተኛው ወር ጀምሮ ደግሞ አንድ ቃል ሳይለውጥ፣ "ጥሬው ሥዕል ለራዲዮሎጂ ሐኪም ይታይ ዘንድ የዶክቶራን ፈቃድ እጠይቃለሁ" ይላል። ከሃምሳ ጊዜ በላይ ጠይቆኛል። አልማዝ "ዕጢው ጋርዶሽ ነው" ብላ ልታጽናናኝ ሞክራለች። አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ዓይኔ ሙሉ ነበር። የማሽን ባለሙያ መልስ ማንበብ የእኔ ሥራ አልመሰለኝም፣ ይኸው ነው።

ከዚህ ሕመም ጋር ያላችሁ፣ ምክሬ አጭር ነው። የሚያውቋችሁ ሰዎች "ተለወጥሽ፣ አታዪንም" ሲሏችሁ አትከራከሩ፣ ተመርመሩ። በሙያችሁ አትመኩ፤ የራሳችሁን ሥዕል ለሌላ ሰው ዓይን ስጡ። ሐኪሞቼን፣ እህቴንና ሐጃ ሰዕዲያን አመሰግናለሁ። ዑስማንን ለማመስገን አፍ አጣሁ፤ ስለዚህ ብዕር አንስቼ በቀኙ ዓምድ፣ "ብልሽቱ ከእኔ ነበር። ይቅር በለኝ" ብዬ ጻፍኩ።

ደፍተሩን ተቀበለኝ፣ አነበበ። በራሱ ዓምድ ጻፈና መለሰልኝ። ራሴን ወደ ግራ አዙሬ እስከ መጨረሻው አነበብኩት።

"ተፈትሿል። ማሽኑ ደህና ነው። ዶክቶራ ከስድስት ወር በኋላ እንደገና ትታይ።"