ጸሎት ቤቱ የቆመባት ነፍስ

የመንደራችን ሜቶዲስቶች ጸሎት ቤት ሊሠሩ ሲነሡ ባለርስቱ መሬቱን አልሸጥም አላቸው። በእንግሊዟ ኮርንዎል እንደተለመደው በሦስት ሰዎች ዕድሜ አከራያቸው። ከሦስቱ አንዱ እንኳ በሕይወት እስካለ መሬቱ በእጃቸው ይቆያል፤ የመጨረሻው ሲሞት ሕንፃው ሳይቀር ለባለርስቱ ይሆናል። ሽማግሌዎቹ ረጅም ዘመን ፈልገው ሦስት ጤነኛ ሕፃናት መረጡ። ሁለቱ ወንዶች ነበሩ፤ ሦስተኛዋ ኋላ ባለቤቴ የሆነችው ዊልሞት ናት። ወንዶቹ አድገው በአንድ ጀልባ ዓሣ ማጥመድ ሲጀምሩ ማንም ልብ አላለም። ጀልባዋ አልተመለሰችም።

ከዚያ ወዲህ ዊልሞት ባስነጠሰች ቁጥር መንደሩ ይደነግጥ ጀመር። ወደ ባሕሩ ስትወርድ አንድ ሰው ይከተላታል።

«አንቺ ልጅ፣ ሻርፕሽ የታለ?» ይሏታል የጸሎት ቤቱ ኃላፊ ጋሽ ፓስኮ።

«የሚያሳስብዎት እኔ ነኝ ወይስ ጣሪያው?»

«አንድ ናችሁ። ይልቅ ደረትሽን ሸፍኚ!»

ላገባት ስጠይቅ ደስ ያለው ሰው አልነበረም፤ ወሊድ ስንቷን ወስዷል። ምጥ የያዛት ቀን ጸሎት ቤቱ ሞላ። እኔ ደጅ ተቀምጬ የመረቡን አንድ ቋጠሮ እፈታለሁ፣ መልሼ እቋጥራለሁ። በመጨረሻ አዋላጇ ብቅ አለች።

«ሴት ናት። እናትየዋም ደህና ናት።»

ብዙም ሳይቆይ ጋሽ ፓስኮ መጡ። ባለርስቱ በኪራዩ ውል ላይ አንድ ስም ለመጨመር ፈቅዶ ነበር።

«ሕፃኗን እናስገባት። አንቺም ታርፊያለሽ።»

ዊልሞት ልጇን ወደ ደረቷ ሳበቻት።

«አይሆንም፣ ጋሼ። ባስነጠሰች ቁጥር አገር የሚሸበርላት ልጅ አላሳድግም።»

«ጸሎት ቤቱስ?»

«እኔ እስካለሁ አለ።»

የእሷን ኑሮ ያየ ሁሉ የልጁንም የራሱንም ስም ለውሉ አልሰጥም አለ። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ትንፋሿን ሳዳምጥ ኖርኩ።

ባለፈው ክረምት ሳል ያዛት። ጎረቤቱ ሾርባ ይዞ በራችን ላይ ተሰለፈ።

«ታምሲን የት አለች?» አለችኝ። ታምሲን ልጃችን ናት።

«ደጅ፣ ዝናብ ውስጥ። ሻርፕ እንኳ አላደረገችም።»

«ተዋት» አለችኝ፤ ፈገግ ብላ።

በጸሎት ቤቱ የመጨረሻው ጸሎት የእሷ ቀብር ሆነ። የባለርስቱ ሰው ቁልፉን ሊቀበል ባርኔጣውን አውልቆ ደጅ ይጠብቅ ነበር።

አሁን የምንዘምረው ዓሣ በሚከማችበት መጋዘን ውስጥ ነው። ይበርዳል። ታምሲን ከፊቴ ትቀመጣለች፤ ስታስነጥስ ዞሮ የሚያያት የለም።