በስንጥቁ ላይ የተለጠፉት መስታወቶች

ጋሽ መሰላል ሌላ ስም ነበራቸው። ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያለ መሰላል ታይተው ስለማያውቁ፣ የገዛ ሚስታቸው እንኳ ካልተቆጣች በስማቸው አትጠራቸውም። ያን አሮጌ ባለ አራት ፎቅ የኪራይ ሕንፃ የሚጠብቁትም የሚጠግኑትም እሳቸው ናቸው።

ሕንፃውን አንድ የጨርቅ ነጋዴ በጥርብ ድንጋይና በኖራ ሦስት ፎቅ አድርጎ አሠራው። የደረጃው መደገፊያ በእጅ የተቀጠቀጠ ብረት ነው፤ ጣሪያው ሁለት ሰው ቢደራረብ አይነካም። ልጁ ሲወርስ ግን አባቱን መብለጥ አማረውና አራተኛ ፎቅ በሲሚንቶ ጫነበት። ሰው በአባቱ ትከሻ ላይ ቆሞ ረጅም ነኝ ሲል፣ ትከሻው ምን እንደሚሰማው አይጠይቅም። ከዓመታት በኋላ የምዕራቡ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ።

ከሦስት ዓመት በፊት ባለሙያዎች መጥተው፣ በየፎቁ ስንጥቁን አሻግረው ጣት የሚያህሉ ቀጫጭን መስታወቶች በጄሶ ለጠፉበትና ቀን ጽፈውባቸው ሄዱ። ለምን እንደሆነ ለጋሽ መሰላል የነገራቸው የለም። «እንዳይነኩ» ብቻ አሏቸው።

ዛሬ መሐንዲሷ ልትመጣ ነው። ሕንፃው ይታደስ ወይስ ነዋሪው ይውጣ የምትለው እሷ ናት። ጋሽ መሰላል ከነጋ አራት ጊዜ ደረጃውን ወጥተው ወርደዋል።

«ቁጭ በል እስቲ፤ ይኼ ደረጃ በአንተ እግር ሊያልቅ ነው» አለች ሚስታቸው፣ ሦስተኛው ፎቅ ካለው ክፍላቸው ብቅ ብላ።

«አቧራ እንዳታይ ብዬ ነው።»

«አቧራ ልትቆጥር መሰለህ የምትመጣው?»

መሐንዲሷ መጣች። በባትሪ እያበራች መስታወቶቹን አንድ በአንድ አይታ ከላይ ስትመለስ፣ ክፍላቸው በር ላይ ስትደርስ ፊቷ በርቶ ነበር።

«አባባ፣ ደስ ይበልዎት። አንዱም አልተሰበረም። ግድግዳው ቢንቀሳቀስ ኖሮ መስታወቱ ነበር ቀድሞ የሚሰበረው። ማንም አይወጣም።»

ሚስታቸው በረጅሙ ተነፈሰች። ጋሽ መሰላል ግን ወደ ስንጥቁ ዞረው አዩ። የተሰበረ መስታወት ያለበት ቤት ጠባቂ የሌለው ይመስላል ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸው። ከስንጥቁ ላይ አንዱ በተሰበረ ቁጥር ከመስኮት መስታወት ትራፊ ቆርጠው፣ ጄሶ በጥብጠው፣ ቀኑን ሳይቀር የድሮውን አስመስለው ጽፈው ሲተኩ ኖረዋል። በሥራቸውም ይኮሩ ነበር።

እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ፤ አወጡት። አንድ ደረጃ ወረዱና ተመለሱ።

«ልጄ፣ እኔ ቀይሬያቸዋለሁ።»

«ምኑን?»

«መስታወቶቹን። ሲሰበሩ።»

መሐንዲሷ እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ ላይ አነሣች። «ስንቴ?»

«እዚህ አራቴ። ላይኛው ፎቅ ባለፈው ክረምት ብቻ ሦስቴ።»

«ቀኑ ግን የያኔው ነው እኮ።»

«የእጅ ጽሑፌ ጥሩ ነው» አሉ፤ ለቀልድ አልነበረም።

«አንተ ሰውዬ» አለች ሚስታቸው ቀስ ብላ፣ «ሠላሳ አንድ ዓመት ቀዳዳ ስትደፍን ኖረህ፣ ዛሬ አፍህን መድፈን አቃተህ?»

«ላይ ቤት ያሉት ሕፃናት ከዚያ ግድግዳ ተጠግተው ነው የሚተኙት።»



መሐንዲሷ ዳግም ወጥታ ስትወርድ፣ በምዕራብ በኩል ያሉት ስምንት ክፍሎች ከምሳ በፊት ባዶ ይሁኑ አለች። የእነሱም ክፍል አንዱ ነው። ሚስታቸው ገብታ ፍራሹን መጠቅለል ጀመረች። ጋሽ መሰላል አራተኛው ፎቅ ወጥተው የመጀመሪያውን በር አንኳኩ። ከውስጥ «ማነው?» ሲባሉ፣ ከየት እንደሚጀምሩ ገና አላወቁም ነበር።