ውሃ የጠጣው ታንኳ

በአባያ ሐይቅ ዳርቻ እንደ እኔ ታንኳ የሚያውቅ ልጅ አልተወለደም። የተቀመጥኩበት ግን አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ሣር ላይ ተሰጥቶ ሲደርቅ።

ዛሬ ሶዶ መንገድ ላይ ሬንጅ ሲያቀልጡ ሸተተኝና ልጅነቴ ትዝ አለኝ። በጣሊያን ጊዜ የሐይቃችንን ዳር እንዲህ ነበር ያከረፉት። ሐይቁ መሃል ያለው ደሴት ሰዎች ድሮ ወደ እኛ ዳር ሲመጡ ታንኳቸውን ጎትተው ፀሐይ ላይ ያሰጡት ነበር፤ እንጨቱ ውሃ ይጠጣላ! ጣሊያኖቹ ግን በሲሚንቶ ግንብ ሠርተው፣ ሬንጅ ለቅልቀው፣ «ታንኳ ሁሉ ውሃው ላይ ታስሮ ይደር» አሉ። የሞተር ጀልባቸው ናፍጣ ከሞተ ዓሣ ጋር ሲቀላቀል ጅብ እንኳ አፍንጫውን ይዞ ያልፍ ነበር።

ከደሴቱ ቡሉኮ ሊሸጡ የመጡ አንድ ሽማግሌ ታንኳቸውን በሣሩ ላይ ትተው ገበያ ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ሲመለሱ ከግንቡ ሥር ታስሮ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ግማሹ ሰጥሞ አገኙት።

«ታንኳ እንደ በሬ ይታሰራል? ቤቴ ከውሃው ማዶ ነው፤ አሁን በምን ልሻገር? ልጄ፣ ማነው እንዲህ ያደረገኝ?»

«ጣሊያኑ ነው፣ አባባ» አልኩ።

ግንቡ ላይ እንትፍ አሉበት። እኔም አብሬያቸው ተፋሁ።

ጎትቼ ያሰርኩት ግን እኔ ነበርኩ፤ ጣሊያኑ በሰጠኝ አንድ ብስኩት። ብስኩቱም ጣፍጦኝ ነበር።